ሰር ዴቪድ ሳሎሞንስና የብሬጌ የኪስ ሰዓቶች

ሀብታም ሰው ውድ ዕቃ ሰበሰበ ቢባል ለወሬ እንጂ ለታሪክ አይበቃም። ሳጥኑ ሲሞላ ይሰለቸዋል፤ ሲሞትም ወራሾቹ ይከፋፈሉታል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ የምናስተዋውቃቸው እንግሊዛዊው ሰር ዴቪድ ሊዮኔል ሳሎሞንስ ግን ከአንድ ሰዓት ሠሪ እጅ የወጡ አንድ መቶ ኻያ አራት ያህል ሰዓቶች ሰብስበው፥ እያንዳንዱን መርምረው፥ መጽሐፍ ጽፈውበት የሞቱ ሰው ናቸው። ሰዓቶቹም ከእሳቸው በኋላ ያሳለፉት ዕድል ከባለቤቱ ዕድል የማይተናነስ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን አያይዘን ለመተረክ ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዴቪድ ሊዮኔል በ1851 ተወለዱ። አባትና እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው፥ ያሳደጓቸው አጎታቸው የቀድሞው ሰር ዴቪድ ሳሎሞንስ ነበሩ። እኒህ አጎት ከታወቀው ከለንደንና ዌስትሚንስተር ባንክ መሥራቾች አንዱ ከመሆናቸውም በላይ፥ በ1855 ለለንደን ከተማ የተሾሙ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ከንቲባ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ በተወለደበት በዚያው ዓመት ለፓርላማ ተመርጠው ገብተው፥ በመሐላው ውስጥ ያለውን የክርስትና ቃል አልልም ብለው እንደ ተቀመጡ ድምፅ በመስጠታቸው አምስት መቶ ፓውንድ ተቀጥተዋል። ልጁ ያደገው እንግዲህ ሕግ ጠማማ ሲሆን ዝም በማይልበት ቤት ነው። ይህን ማስታወሳችን በኋላ ከሚመጣው የአውቶሞቢል ነገር ጋራ ስለሚገናኝ ነው።

አጎታቸው በ1873 ሲሞቱ ልጅ ስላልነበራቸው፥ የሰርነቱ ማዕርግና በኬንት ክፍለ ሀገር በተንብሪጅ ዌልስ አጠገብ የሚገኘው የብሩምሂል ርስት ለወጣቱ ተላለፈ። በሚከተለው ዓመት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሳይንስ ተመረቁ፤ በጥብቅናም ተመዘገቡ። ጥብቅናውን ግን አልሠሩበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ይህን ያህል ገንዘብ የጨበጠ ሌላ ወጣት ቢሆን፥ የፈረስ እሽቅድምድምና የካርታ ጠረጴዛ በፈጁት ነበር። እሳቸው ግን ቶርኖና ልዩ ልዩ መሣሪያ ገዝተው፥ በብሩምሂል ግቢ ውስጥ ትልቅ የሥራ ቤት ከፈቱ። የኤሌክትሪክ መብራት ገና የመነጋገሪያ ነገር በነበረበት ጊዜ ቤታቸውን በኤሌክትሪክ አበሩ፤ ስለ ኤሌክትሪክ መብራትና ስለ ባትሪዎች አያያዝም የጻፉት መጽሐፍ በተደጋጋሚ ታትሟል። ጌታ ሆኖ በገዛ እጁ ብረት የሚሞርድ ሰው በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ብዙ አልነበረም። በእኛም አገር ቀጥቃጭና ሸማኔ ሲናቅ የኖረበትን ዘመን ለሚያስብ አንባቢ ይህ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም።

በ1895 ሰር ዴቪድ የተንብሪጅ ዌልስ ከንቲባ ሳሉ ከፈረንሣይ ፔዦ የተባለውን አውቶሞቢል አስመጡ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ፈረስ የማይጎትተው ተሽከርካሪ በገጠር መንገድ ከአራት ማይል፥ በከተማ ውስጥ ከሁለት ማይል በላይ በሰዓት እንዳይሄድ፥ ደግሞም አንድ ሰው በእግሩ ከፊቱ እየቀደመ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። አውቶሞቢል ገዝቶ በእግረኛ መመራት ማለት ነው። ሰር ዴቪድ በዚሁ ዓመት በጥቅምት 15 ቀን በከተማቸው የእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ በብሪታንያ የመጀመሪያ የሆነውን የአውቶሞቢል ትርኢት አቋቁመው ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ አደረጉ፤ ማኅበርም መሥርተው ለባለሥልጣኖች ይጽፉ ጀመር። በ1896 ሕጉ ተሻሽሎ እግረኛው ቀረ፤ ፍጥነቱም ወደ ዐሥራ አራት ማይል ከፍ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕግ ማስለወጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ወጣት ሁሉ ይህን ሳንነግረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሰዓቶቹ እንሂድ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሠሪያቸው ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል።

አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በ1747 በስዊስ አገር በኖሻቴል ተወልዶ፥ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሰዓት ሥራ ሊማር ወደ ፈረንሣይ መጣ። በ1775 በፓሪስ መካከል በሚገኘው ደሴት ላይ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ያወጣቸውን ብልኀቶች ብንዘረዝር ቦታ አይበቃንም። ባለቤቱ ሲራመድ በውስጡ ያለው ክብደት እየተወዛወዘ ራሱን በራሱ የሚሞላውን የኪስ ሰዓት ለገበያ አበቃ። ሰዓት ሲወድቅ እንዳይሰበር ለሚዛኑ ዘንግ መከላከያ ሞላ አበጀ። በ1801 ቱርቢዮን ለሚባለው ሥራው የባለቤትነት መብት ተቀበለ፤ ይኸውም ሰዓት በኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም የምድር ስበት ሚዛኑን ስለሚያዛባው፥ ሚዛኑን ከነመገጣጠሚያው በአንድ ትንሽ ቤት ውስጥ አድርጎ ዘወትር እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። በአንዱ አቅጣጫ የመጣው ስሕተት በሌላው አቅጣጫ ይታረማል።

ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት ከብሬጌ ሦስት ሰዓት ገዝቷል። ይሁን እንጂ ብሬጌ የሠራው ለነገሥታት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጠቋሚ ብቻ ያለው ርካሽና ጠንካራ ሰዓት አውጥቶ፥ ገዢው የዋጋውን ሩብ አስቀድሞ ከፍሎ በተራው እንዲወስድ አድርጓል። ለእኛ ከቱርቢዮኑ ይልቅ ይህ አሳቡ ያስደንቀናል፤ የደንበኛውን ሩብ ይዞ በእርሱ ወርቅና ብረት ይገዛልና፥ ባንክ ሳይለምን ሥራውን አስፋፋ።

ስሙ ሲገን ግን አስመሳዮች ተነሡበት። በርካሽ ሰዓት ላይ የብሬጌን ስም እየቀረጹ የሚሸጡ በዙ። እሱም በሰዓቱ ፊት ላይ ከዐሥራ ሁለት ቍጥር በታች በቀጭን መርፌ እጅግ ረቂቅ የሆነ ምስጢራዊ ፊርማ መጣል ጀመረ። ይህ ፊርማ ፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም፤ ሰዓቱን አዘንብለው ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቻ ብቅ ይላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ሰዓት ቍጥር አለው፤ ቍጥሩ ለማን፥ መቼ፥ በስንት እንደ ተሸጠ በድርጅቱ መዝገብ ተጽፏል።

የኪስ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። ወርቅ የትም አለ፤ የወርቁ ክብደት የብሬጌን ሰዓት ዋጋ አይወስነውም። ሰብሳቢው በመጀመሪያ የሚመለከተው ቍጥሩን ነው፤ ቍጥሩ ከመዝገቡ ጋራ ይስማማል ወይ? ቀጥሎ ምስጢራዊውን ፊርማ ይፈልጋል። ከዚያም ጀርባውን ከፍቶ፥ መዘውሩና ሞላው ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው ወይስ አንድ ባለሱቅ በኋላ የቀየራቸው ብሎ ይጠይቃል። የሰዓቱ ፊት እንደ ገና ተቀብቶ እንደ ሆነ፥ ቤቱም ተስተካክሎ ሌላ ሰዓት የነበረበት እንደ ሆነ ይመረምራል። የመሙያው ቁልፍና የቆዳው ማኅደር ከሰዓቱ ጋራ ቢገኙ እሰየው ነው። ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው በዚህ ገበያ በቀላሉ ይታለላል። ሰር ዴቪድ ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቶርኖ ላይ የቆሙ፥ የጥርስን አቆራረጥና የሞላን ጠባይ የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፥ ሻጩ ስለሚያወራላቸው ሳይሆን ዓይናቸው ስለሚያየው ይገዙ ነበር። የመረጡትም አንድ ሠሪ ብቻ ነው። ከሁሉም ሠሪ ትንሽ ትንሽ የሚሰበስብ ብዙ ያያል፤ ከአንዱ ብቻ የሚሰበስብ ግን ሠሪው ከዓመት ወደ ዓመት ምን እንዳሰበ፥ የት ላይ እንደ ተሳሳተና እንዴት እንዳረመው ይከተላል።

ሰር ዴቪድ በ1882 ከባሮን ደ ስተርን ልጅ ከላውራ ጋራ ተጋብተው አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ወንዱ ልጅ ዴቪድ ሬጂናልድ ይባላል። የማዕርጉም የስሙም ወራሽ እሱ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በኬንት የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ ሻምበል ሆኖ፥ አብዛኞቹ የተንብሪጅ ዌልስና የአካባቢው ልጆች የሆኑትን ወታደሮቹን ይዞ ወደ ቱርክ ጦር ሜዳ ወደ ጋሊፖሊ ዘመተ። በጥቅምት 28 ቀን 1915 ማታ፥ የተሳፈሩባት ሃይዝ የተባለችው መርከብ ከባሕሩ ዳርቻ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሳርኒያ የተባለች ሌላ የእንግሊዝ መርከብ በጨለማ መጥታ ገጨቻት። ሃይዝ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ከአንድ መቶ ኀምሳ ሰው በላይ አለቀ፤ ሻምበል ሳሎሞንስም አብሮ ሞተ። ጠላት አንድ ጥይት አልተኮሰባቸውም። በተንብሪጅ ዌልስና በዙሪያዋ ሐዘን ያልገባበት መንደር ጥቂት ነበር።

ሰር ዴቪድ ያን ጊዜ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከዚህ ሐዘን በኋላ በልባቸው የነበረውን እናውቃለን ብለን አንደፍርም። የምናውቀው በ1917፥ ማለት ልጃቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በለንደን ከተማ በአንድ ሱቅ መስተዋት ውስጥ ቍጥር 160ን አይተው መግዛታቸውን ነው።

ቍጥር 160 የሰዓት ዐዋቂዎች ሁሉ በስሙ የሚምሉበት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1783 አንድ የቤተ መንግሥት ዘበኞች መኰንን ወደ ብሬጌ ቀርቦ፥ ለንግሥት ማሪ አንቷኔት የሚሆን ሰዓት አዘዘ። በዚያን ጊዜ የታወቀው ብልኀት ሁሉ እንዲገባበት፥ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ በሌላ ማዕድን ፋንታ ወርቅ እንዲሆን፥ ለዋጋውም ለጊዜውም ወሰን እንዳይደረግ ተነገረው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለሠራተኛ በረከትም መርገምም ነው፤ ወሰን የሌለው ሥራ መቼ ያልቃል? አብዮቱ መጣ። ንግሥቲቱ በጥቅምት 1793 አንገቷን ተቀላች፤ ብሬጌም በዚያው ዓመት ነፍሱን ለማዳን ወደ ስዊስ ሸሸ፤ በ1795 ሲመለስ የሥራ ቤቱን እንደ ገና አቋቋመ። ያዘዘው መኰንንም ንግሥቲቱም በሌሉበት ሰዓቱ ቀጠለ። ብሬጌ በ1823 ሞተ፤ ሰዓቱ አላለቀም። ያለቀው በ1827፥ ከታዘዘ በአርባ አራት ዓመቱ፥ በልጁ ዘመን ነው። ድርጅቱ ያወጣው ወጪ ብቻ ዐሥራ ሰባት ሺህ ሰባ ፍራንክ ደረሰ። ከፋይ አልነበረም።

በውስጡ ስምንት መቶ ኻያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ስፋቱ ግን ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፊቱ ከጥሩ የድንጋይ መስተዋት የተሠራ ስለ ሆነ መዘውሩ ሲሠራ በፊቱ በኩል ይታያል። ራሱን በራሱ ይሞላል። መብራት በሌለበት ሌሊት ሲጫኑት ሰዓቱን፥ ሩቡንና ደቂቃውን በደወል ይቈጥራል። ሙቀትና ብርድን ይለካል። ምን ያህል ጊዜ ሳይሞላ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ቀኑንና ወሩን ይቈጥራል፤ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረዋንም ቀን ማንም ሳይነካው ራሱ ያስገባታል። እኛ ጳጉሜን አምስት ነው ስድስት እያልን የምንጠያየቀውን፥ የእነሱን የየካቲት 29 ቀን፥ ይህ ሰዓት በጥርሶቹ ያውቀዋል ማለት ነው። ከዚህም ሁሉ የሚረቀው በፀሐይና በሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየቱ ነው። የአገራችን ሰው ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቈጥር ነገሩ አይጠፋውም፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትራመድም፤ አንድ ጊዜ ከሰዓታችን እስከ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀድማለች፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ ትቀራለች። ቍጥር 160 ይህን በየቀኑ አስልቶ ይናገራል።

ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ዕጣው እንግዳ ሆነ። በ1838 አንድ የፈረንሣይ መኰንን ለጥገና ያስገባው መሆኑን መዝገቡ ያሳያል፤ ተመልሶ ግን አልወሰደውም። እንደ ባለቤት አልባ ዕቃ በድርጅቱ ሣጥን ተቀምጦ፥ በ1887 ለአንድ እንግሊዛዊ በስድስት መቶ ፓውንድ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሰር ዴቪድ ዘንድ ደረሰ።

በ1921 ሰር ዴቪድ ስለ ብሬጌ ሕይወትና ሥራ መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ያሰባሰቧቸውንም ሰዓቶች በየቍጥራቸው ከነሥዕላቸው አወጡ። ብዙ ሰብሳቢዎች ያላቸውን ይደብቃሉ፤ ዋጋ እንዲንር ወይም ሌባ እንዳይሰማ ይፈራሉ። እሳቸው ግን መዝገባቸውን ለሕዝብ ከፈቱ። ለአንድ የፈረንሣይ መስፍን በ1805 የተሸጠውንና ከቍጥር 160 ቀጥሎ የሚደነቀውን ቍጥር 92ን ደግሞ በፓሪስ ለሚገኘው የኪነ ጥበብና የእጅ ሥራ ሙዚየም በስጦታ ሰጡት። የአንድ መስፍን ጌጥ የነበረው ሰዓት ለተማሪ መማሪያ ሆነ።

በሚያዝያ 1925 ሰር ዴቪድ ሞቱ። ወንድ ወራሽ ስላልነበረ የሰርነቱ ማዕርግ አብሯቸው ጠፋ። ከሰዓቶቹ ምርጥ የሆኑትን ኀምሳ ሰባቱን፥ ቍጥር 160ን ጨምሮ፥ ለልጃቸው ለቬራ አወረሱ፤ የቀሩት ከጊዜ በኋላ ተበታተኑ። ከአንድ መቶ ኻያ አራቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬ አብሮ አለመገኘቱ፥ የሰውን ሕይወት ሙሉ የፈጀ ሥራ በውርስ ቀን ምን ያህል ደካማ እንደሚሆን ያሳያል፤ እኛም ሙሉው ለአንድ ሙዚየም ቢሰጥ ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ነን።

ቬራ ግን የተሰጣትን አልሸጠችም። ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ፥ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእስልምናን ጥበብ ያስተምሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ሊዮ ማየር ጋራ ወዳጅ ሆነች። ፕሮፌሰሩ በ1959 ሲሞቱ በስማቸው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ለማቋቋም ገንዘቧን አወጣች፤ አሳቧም አይሁድና ዐረብ አንዱ የሌላውን ሥልጣኔ እንዲያውቅ ነው። እሷ በ1969 ስትሞት ሙዚየሙ ገና አልተከፈተም፤ የተከፈተው በ1974 ነው። የአባቷም ሰዓቶች በዚያ ተቀመጡ። ከአገራችን ለመሳለም ወደ ኢየሩሳሌም ከሚሄዱት ይህን ቤት ያየ ይኖር ይሆን?

በሚያዝያ 15 ቀን 1983፥ ዓርብ ማታ፥ አንድ ሌባ የመኪና ክሪክ ይዞ መጥቶ የመስኮቱን ብረት አጣመመና ወደ ሙዚየሙ ገባ። የማስጠንቀቂያው ደወል ተበላሽቶ ነበር። ሌሊቱን ሰርቆ ያወጣው ሰዓት አንድ መቶ ስድስት ነው፤ ቍጥር 160ም ከነሱ አንዱ ነበር። ፖሊስ ለዓመታት ፈልጎ አላገኘም። እንዲህ ያለ ሰዓት በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ ለገበያ አይወጣም፤ ሊሸጥ የሚችለው ቀልጦ ወርቁ ብቻ ቢሆን ነው፤ ያስፈራም የነበረው ይኸው ነው።

በዚህ መካከል የሰር ዴቪድ ምዝገባ ፍሬውን አሳየ። ጆርጅ ዳንኤልስ የተባለው እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ የብሬጌን ሥራዎች በሙሉ መርምሮ በ1975 ታላቅ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ የኢየሩሳሌሙንም ስብስብ ከባልደረባው ጋራ ዘርዝሮ በ1980፥ ስርቆቱ ከመድረሱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ አሳትሞታል። ዕቃው ቢጠፋም መልኩና ልኩ በወረቀት ቀረ። የብሬጌ ስም በ1970 ወደ ፓሪሱ ጌጣጌጥ ቤት ወደ ሾሜ፥ በ1999 ደግሞ ወደ ስዊሱ የሰዓት ማኅበር ወደ ስዋች አልፎ ነበርና፥ ባለቤቱ በ2005 የጠፋውን ቍጥር 160 አስመስለው እንዲሠሩ አዘዙ። ሠራተኞቹም በመዝገብና በሥዕል እየተመሩ በ2008 ጨረሱት፤ ማኅደሩም የተሠራው በቬርሳይ የንግሥቲቱ ግቢ ከወደቀ የወርካ ያህል ግንድ ካለው የባሉጥ ዛፍ ነው።

ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሌባው በ2004 አሜሪካ አገር ሞቶ፥ ሊሞት ሲል ለሚስቱ ምስጢሩን ነግሯት ኖሯል። በ2006 በጠበቃ በኩል ለሙዚየሙ መልእክት ደረሰ፤ ሠላሳ ዘጠኙም፥ ቍጥር 160ን ጨምሮ፥ በጥቂት ገንዘብ ተመለሱ። አብዛኞቹ በአሮጌ ጋዜጣ እንደ ተጠቀለሉ ነበሩ። በ2008 ደግሞ የፈረንሣይ ፖሊስ በባንክ ሣጥኖች ውስጥ አርባ ሦስት ሌሎች አገኘ። ከአንድ መቶ ስድስቱ በጠቅላላው ዘጠና ስድስቱ ተመልሰዋል። ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ይታያሉ፤ ዐሥሩ ግን የደረሱበት አልታወቀም።